የነፋሱ ሥዕል ላይ የምድር መሽከርከር ተረስቷል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ነፋስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን አነበብነው። በመጀመሪያ አመሰግናለሁ። ጋዜጣ ላይ ስለ ነፋስ አንድ ሙሉ ገጽ ማየት ብርቅ ነው። ግን አንድ ነገር አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኛልና ልጽፍላችሁ ግድ ሆነ።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው። ፀሐይ የምድር ወገብን ታሞቃለች፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዋልታዎቹ ቀዝቃዛ አየር መጥቶ ቦታውን ይይዛል፣ አለቀ፣ ነፋስ ማለት ይሄ ነው። ሥዕሉም ይህንኑ ያሳያል። ከሰሜን ዋልታ አንድ ረጅም ቀስት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ከደቡብ ዋልታ ሌላ ቀስት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሁለቱ ወገቡ ላይ ይገናኛሉ። ልጄ ሥዕሉን ትንሽ አየችና "አባዬ፣ ነፋስ ከሰሜንና ከደቡብ ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ ከምሥራቅና ከምዕራብ የሚነፍሰውስ ከየት መጣ?" አለችኝ።

አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የጠየቀችው ጥያቄ ግን ሊቃውንት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የለፉበት ነው። ኤድመንድ ሃሌይ፣ ያ በጅራታም ኮከቡ የምናውቀው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1686 ስለ ባሕር ነፋሳት ጽፎ ይሄንኑ ሊመልስ ሞክሯል። ሙቀት ነፋስን እንደሚያስነሳ በትክክል ተናገረ። ነፋሱ ለምን ከምሥራቅ እንደሚመጣ ግን ሳተው፤ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትሄድ አየሩም እየተከተላት ነው አለ። የእናንተ ጽሑፍ ደግሞ ጥያቄውን ጭራሽ አላነሳውም። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው።

ሙቀቱ ላይ ያላችሁት ልክ ነው፣ እሱን አልክድም። ወገቡ አካባቢ ፀሐይ ከአናት ላይ ታርፋለች። ዋልታዎቹ ጋ በአግድም ስለምትመጣ ያው ብርሃን ሰፊ መሬት ላይ ይበተናል፤ ከዚያም ላይ በረዶው አብዛኛውን መልሶ ወደ ሰማይ ይልከዋል። ስለዚህ ወገቡ አካባቢ ከሚያወጣው በላይ ሙቀት ይቀበላል፣ ዋልታዎቹ ከሚቀበሉት በላይ ያወጣሉ። ትርፉን ወደ ጎደለው የሚያደርሱት አየርና ውቅያኖስ ናቸው። አየር ደግሞ ክብደት አለው። ባሕር ጠለል ላይ አንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ያረፈው አየር ወደ 10 ቶን ይመዝናል። ይሄ ክብደት አንዱ ቦታ ከሌላው ሲበልጥ አየሩ ከበዛበት ወዳነሰበት ይገፋል። እስከዚህ ድረስ ተስማምተናል።

ግን ምድር ትሽከረከራለች! ወገቡ ላይ የቆመ ሰው ዝም ብሎ የቆመ ይመስለዋል እንጂ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ እየተጓዘ ነው። 60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ያለ ሰው ፍጥነቱ የዚያ ግማሽ ነው። ዋልታው ላይ የቆመ ባለበት ይዞራል እንጂ የትም አይሄድም። አየሩም ከመሬቱ ጋር አብሮ ይዞራል። እንግዲህ ከወገቡ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ አየር፣ ከቤቱ ይዞት የወጣው የምሥራቅ ፍጥነት አለ። የሚደርስበት መሬት ደግሞ ከሱ ይልቅ ዘገምተኛ ነው። ምን ይሆናል? መሬቱን ቀድሞት ወደ ምሥራቅ ያመልጣል። ከሰሜን ወደ ወገቡ የሚመለሰው ደግሞ የሚደርስበት መሬት ፈጣን ስለሆነ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል።

ለልጄ ይሄን በቃል ብነግራት አልገባትም። እውነቱን ለመናገር ማንም በቃል ብቻ ሲነገረው አይገባውም። ስለዚህ ካርቶን በክብ ቆርጠን መሃሉን በፒን ጣውላ ላይ ወጋነው። እኔ ማስመሪያ ከካርቶኑ ከፍ አድርጌ ሳላንቀሳቅስ ያዝኩ። እሷ ካርቶኑን ከሰዓት ዘንግ አዟዟር በተቃራኒ ቀስ እያለች አዞረችው፤ ሰሜን ዋልታን ከላይ ሆኖ ለሚያያት ምድር የምትዞረው እንደዚያ ነውና። እኔ በማስመሪያው ጠርዝ ላይ እርሳሴን ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጌ ሳብኩ። እጄ ምንም አልታጠፈም፣ ማስመሪያውም ቀጥ ያለ ነው። ካርቶኑ ላይ የወጣው መስመር ግን ወደ ቀኝ ጎብጦ ቁጭ አለ። ልጄ ማስመሪያውን አንስታ በጣቷ መስመሩን ተከተለችው። "ግን እኮ ቀጥ አድርገህ ነው የሳልከው" አለች። ከዚያ ገልብጠን በሌላው ፊት፣ በሌላው አቅጣጫ እያዞረች ደገምነው። አሁን ወደ ግራ ጎበጠ። ያ ደቡባዊው ንፍቀ ክበብ ነው።

የኮሪዮሊስ ኃይል የሚባለው ይሄ ነው። ጋስፓር ጉስታቭ ደ ኮሪዮሊስ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1835 ሒሳቡን ሲያወጣ በሐሳቡ የነበሩት የሚሽከረከሩ ማሽኖች ነበሩ፣ ነፋስ አልነበረም። ኃይሉ ነፋሱን አያፈጥነውም፣ አያዘገየውም፤ አቅጣጫውን ብቻ ነው የሚያስቀይረው። ብዙ መጻሕፍት የሚሳሳቱበት አንድ ነገርም አለ፦ የሚታጠፈው ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚሄደው አየር ብቻ አይደለም። ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ አየርም ከመሬቱ በላይ ፈጥኖ ስለሚዞር ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ ወገቡ፣ ይገፋል። በሰሜን ላለ ሰው ያም ቀኝ ነው።

ጆርጅ ሃድሊ እ.ኤ.አ. በ1735 የምድርን መሽከርከር ወደ ነፋስ ታሪክ ውስጥ ያስገባ ሰው ነው። ሙያው ሕግ ነበር። ወገቡ ላይ የሚነሳው አየር ላይ ላዩን ወደ ዋልታ ሲሄድ፣ ታች ታቹን የሚመለሰው ወደ ኋላ እየቀረ ከምሥራቅ እንደሚነፍስ አስረዳ። ብዙ ሰው አላነበበለትም። ሐሳቡ ትክክል ሆኖ ስሌቱ ግን ጎዶሎ ነበር። አየሩ የወገቡን ፍጥነት እንደያዘ ይቆያል ብሎ ነበር፤ በዚያ ስሌት 30 ዲግሪ ኬክሮስ ሲደርስ መሬቱን በሰዓት ወደ 220 ኪሎ ሜትር ይቀድመዋል። እውነታው ከዚህ ይበልጣል። የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ላይ እጃችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡና አንድ ሰው ያሽከርክራችሁ፤ ከዚያ እጃችሁን ወደ ደረታችሁ ሰብስቡ። ፍጥነታችሁ ባለበት አይቆይም፣ ይጨምራል። አየሩም ወደ ዋልታ በሄደ ቁጥር ወደ ምድር የመዞሪያ ዘንግ እየቀረበ ነውና ይፈጥናል። የሚያግደው ነገር ባይኖር ኖሮ 30 ዲግሪ ላይ መሬቱን በሰዓት ወደ 480 ኪሎ ሜትር ይቀድመው ነበር። ደግነቱ የሚያግደው አለ። ወደሱ እመጣለሁ።

በነገራችን ላይ ሥዕላችሁ ጭራሽ ስህተት ነው አልልም። ለቬነስ ቢሆን ይቀርባል። ቬነስ አንድ ጊዜ በራሷ ላይ ለመዞር 243 የምድር ቀን ይፈጅባታል፤ በዚህ ዝግታዋ ከወገቧ የተነሳው አየር እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ሳይቋረጥ ይዘልቃል። እርግጥ እሷም የራሷ እንቆቅልሽ አላት፣ የደመናዋ ጣሪያ በአራት የምድር ቀን ገደማ ፕላኔቷን ይዞራታል። ጁፒተር ደግሞ ያን ግዙፍ አካሉን ይዞ ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይዞራል። ውጤቱን በፎቶ ሁላችንም አይተነዋል። ያ በመቀነት በመቀነት የተጠቀለለ መልኩ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚነፍሱ ነፋሳት ናቸው። ምድር በመሽከርከር ፍጥነቷ በሁለቱ መካከል ናት።

እኛ ጋ ምን ይሆናል? ወገቡ አካባቢ የተነሳው አየር 15 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይወጣል። እርጥበቱን እዚያው ዝናብ አድርጎ ያራግፋል። ከዚያ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይሄድና ዋልታ ሳይደርስ 30 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ሲወርድ ግፊቱ ስለሚጨምር ይታመቃል፣ በታመቀ ቁጥር ይሞቃል፤ ደረቅ አየር በወረደ በየኪሎ ሜትሩ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይሞቃል። የሞቀና የደረቀ አየር ደመና አይሠራም። ካርታ አውጡና እዩት። ሰሃራ፣ የዓረብ በረሃ፣ ካላሃሪ፣ አታካማ፣ የአውስትራሊያ በረሃ፣ ሁሉም በዚያ ቀበቶ ዙሪያ ናቸው። ቀጥ ባለው ቀስታችሁ ቢሆን ኖሮ እነዚህ በረሃዎች እዚያ ለምን እንደተደረደሩ ማስረዳት አይቻልም።

ከዚያ ቀበቶ ታች ታቹን ወደ ወገቡ የሚመለሰው አየር ነው እየታጠፈ የንግድ ነፋስ የሚሆነው። በሰሜን ከሰሜን ምሥራቅ፣ በደቡብ ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል። ነፋስ የሚጠራው በመጣበት እንጂ በሚሄድበት አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታልና በጽሑፋችሁ ብትጠቅሱት ጥሩ ነበር። ባሕረኞች ምክንያቱን ሳያውቁ መንገዱን ያውቁት ነበር። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ከካናሪ ደሴቶች ተነስቶ የንግድ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ወደ ምዕራብ ሄደ። ሲመለስ በመጣበት አልተመለሰም፤ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ወጥቶ ከምዕራብ የሚነፍሰውን አገኘና በሱ ገባ። ፓስፊክ ላይ ያንኑ ዘዴ አንድሬስ ደ ኡርዳኔታ እ.ኤ.አ. በ1565 ከፊሊፒንስ ወደ ሜክሲኮ ሲመለስ ተጠቅሞበታል። የእናንተን ሥዕል ይዘው ቢወጡ ኖሮ ሁለቱም ቤታቸው አይገቡም።

አሁን ወደ ከበደው ክፍል ልምጣ። ከ30 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከለኛ ቦታ ነፋሱ በብዛት ከምዕራብ ነው። ዊሊያም ፌረል የሚባል አሜሪካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1856 እዚያ ሌላ ዑደት እንዳለ አሳየ። የሚገርመው አሁን ነው። በፌረል ዑደት ውስጥ አየሩ በአማካይ የሚወጣው በቀዝቃዛው በኩል ነው፣ የሚወርደው በሞቃቱ በኩል! "የሞቀ ይወጣል፣ የቀዘቀዘ ይወርዳል" ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄ እንዴት ይሆናል? አይሆንም። እዚያ ሥራውን የሚሠሩት ሺህ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያላቸው፣ የሚሽከረከሩ የአየር ግፊት ሥርዓቶች ናቸው። ከሃድሊ ዑደት፣ ማለትም ከወገቡ ተነስቶ 30 ዲግሪ አካባቢ ከሚወርደው የአየር ዙር፣ ጫፍ ላይ እየፈጠነ የመጣው አየር ይናወጣል፣ ይታጠፋል፣ እንደ ወንዝ ይጠማዘዛል። አንዱ ጥምዝ ሞቃት አየር ወደ ዋልታ ይዞ ይወጣል፣ ሌላው ቀዝቃዛውን ወደ ወገቡ ያወርዳል። ፍጥነቱንም ወደ መካከለኛው ኬክሮስ እየወሰዱ የሚያካፍሉት እነሱ ናቸው፤ ያ 480 ኪሎ ሜትር እንዳይደርስ ያገደው አንዱ ይሄ ነው። የፌረል ዑደት የነዚህ ሁሉ ሽክርክሪቶች አማካይ ነው። አንድ ቀን እዚያ ቆማችሁ ሰማይ ብታዩ ዑደቱን አታዩትም፣ የምታዩት ማዕበል ነው።

እነዚህ ሽክርክሪቶች ለምን ቶሎ እንደማይከስሙም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ሲገባኝ ለቀናት ከአእምሮዬ አልወጣም። በሰሜን ንፍቀ ክበብ፣ መሃሉ ላይ ግፊት ያነሰበት ቦታ አለ እንበል። ዙሪያውን ያለው አየር ሊሞላው ይነሳል። ገና ሲነሳ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። እየፈጠነ ሲመጣ ይበልጥ ይታጠፋል። በመጨረሻ ወደ ውስጥ የሚስበው ግፊትና ወደ ቀኝ የሚያጥፈው ኃይል ይስተካከላሉ፤ አየሩም ጉድጓዱ ውስጥ መግባቱን ትቶ ጠርዝ ጠርዙን ይዞር ጀመር። ሊሞላው የመጣው ዘበኛ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ጉድጓዱ ለቀናት የሚቆየው በዚህ ነው። መሬት አጠገብ ብቻ ፍትጊያ ነፋሱን ስለሚያዘገየው ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሆላንዳዊው ባይስ ባሎት እ.ኤ.አ. በ1857 ከዚህ ቀላል ሕግ አውጥቷል። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ጀርባህን ለነፋሱ ሰጥተህ ቁም፣ ዝቅተኛው ግፊት በግራህ ነው። ወገቡ ላይ ግን ይህ አጣፊ ኃይል የለም። ትልልቆቹ የባሕር አውሎ ነፋሶች ከወገቡ በአምስት ዲግሪ ክልል ውስጥ የማይፈጠሩት ለዚህ ነው፣ ከስንት አንዴ ካልሆነ በስተቀር።

ከላይ በሰማይ ደግሞ ጄት ስትሪም አለ። በ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጋልብ ጠባብ የነፋስ ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጃፓን ውስጥ የታቴኖ የአየር ምርምር ጣቢያ ኃላፊ የነበረው ዋሳቡሮ ኦኢሺ ፊኛ እየለቀቀ በመነጽር ሲከታተል አገኘው። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳተመው ዓለም ሁሉ ያነብልኛል ብሎ፣ ለዓለም መግባቢያ እንዲሆን ሆን ተብሎ በተፈጠረው በኤስፔራንቶ ቋንቋ ነበር። ያነበበው ጥቂት ሰው ነው። እውቀቱ በኋላ ለጦርነት ዋለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1944 መጨረሻ ጀምሮ ጃፓን ቦምብ ያሰረችባቸውን ወደ 9,000 ፊኛዎች በዚያ ነፋስ ላይ ወደ አሜሪካ ለቀቀች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1945 ኦሪገን ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡርና አምስት ልጆች በአንዱ ሞቱ። ዛሬ ያው ነፋስ አውሮፕላን ይገፋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 አንድ ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል። ሲመለሱ ግን ያው ነፋስ ፊት ለፊት ነው።

አንድ እርማት ቀርቶኛል። "የእጅ መታጠቢያ ውኃ በሰሜን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በደቡብ ወደ ሌላ እየዞረ ይፈስሳል" ብላችኋል። ይሄ የትም ይባላል፣ ግን እንደዚያ አይደለም። ምድር አንዴ ለመዞር 24 ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል፣ መታጠቢያው በአንድ ደቂቃ ይደርቃል። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ውኃውን የሚያዞረው የገንዳው ቅርጽና ስትቀዱት የቀረበት እንቅስቃሴ ነው። አሸር ሻፒሮ የተባለ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1962 ቦስተን አካባቢ 1.8 ሜትር ስፋት ባለው ገንዳ ሞክሮታል። ውኃውን 24 ሰዓት ሙሉ አሳርፎ መውጫውን ከፈተ። ከአሥር ደቂቃ በላይ ምንም አልታየም። ከዚያ ቀስ ብሎ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ መዞር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1965 ሲድኒ ላይ ሌሎች ሲደግሙት በሌላው አቅጣጫ ዞረ። ስለዚህ ኃይሉ ውኃ ላይም አለ፣ ግን እሱን ለማየት ይሄን ያህል መጠንቀቅ ይጠይቃል። ቤት ውስጥ ሞክሮ "ልክ አልሆነልኝም" የሚል ልጅ ጥፋቱ የሱ እንዳይመስለው ብታርሙት ደስ ይለኛል።

ከእናንተ የምለምነው ብዙ አይደለም። ሥዕሉን እንደገና ስታወጡት ቀስቶቹን አዘንብሏቸው። አንዱን ረጅም ቀስት ቁረጡና ከወገቡ እስከ 30፣ ከ30 እስከ 60፣ ከ60 እስከ ዋልታው አድርጓቸው፤ የመሃሉ አቅጣጫው የተለየ እንደሆነ አትርሱ። ከሥሩ "ምድር ትሽከረከራለች" የሚል አንድ መስመር ይግባበት። ቦታ ካለ ደግሞ የካርቶኑን ሙከራ ጨምሩት፤ ካርቶን፣ ፒን፣ ማስመሪያና እርሳስ ካለ በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

የኛን ካርቶን ፎቶ በሁለቱም ፊት አንስቼ ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ። ወደ ቀኝ የጎበጠው ሰሜን ነው፣ ወደ ግራ የጎበጠው ደቡብ። በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው "ግን ቀጥ አድርጎ ነው የሳለው" የሚለው የልጄ ነው፣ ካተማችሁት እሱንም አትቁረጡት ብላለች።

የዘወትር አንባቢያችሁ